የግራ ክንዴና እትዬ ፈለቀች

ባለፈው ወር ፉሪ አካባቢ ቤት የሠራች አንዲት የሥራ ባልደረባዬን ልጠይቅ ሄጄ ነበር። ቤቱ ገና አላለቀም። ሳሎኑ ውስጥ አንድ ሠራተኛ በላስቲክ ባልዲ ጀሶ እየበጠበጠ ኮርኒሱን ይለቀልቃል። የእርጥብ ጀሶ ሽታ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም፤ ጠመኔ ጠመኔ ይላል፣ አፍንጫን ቀዝቀዝ ያደርጋል፣ ከዚያ በላይ የለውም። ባልደረባዬ ከክፍል ክፍል እያዞረች ይሄ የልጆቹ ነው፣ ይሄ የእንግዳ ነው ስትለኝ ግን አንዱንም ልብ ብዬ አላየሁም። የግራ ክንዴን በቀኝ እጄ ጥብቅ አድርጌ ይዤ ቆሜያለሁ። አመመሽ እንዴ ብላ ጠየቀችኝ። አላመመኝም። ያ ክንድ ካመመኝ ብዙ ዘመን ሆኖታል።

ያመመኝ አራተኛ ክፍል በነበርኩበት ዓመት ነው። ያኔ የምንኖረው ነፋስ ስልክ፣ ከዋናው አስፋልት ትንሽ ገባ ብሎ፣ አራት ቤተሰብ የሚጋራው ግቢ ውስጥ ነበር። አባዬ የከባድ መኪና ሾፌር ነው። አሰብ ወርዶ እስኪመለስ ሁለት ሳምንት ይፈጅበታል፤ ወደቡ ላይ ወረፋ ከበዛ ደግሞ ወር ይሞላዋል። እናቴ የሞተችው አምስት ዓመቴ ላይ ስለሆነ የማስታውሳት በጥቂቱ ነው። ስምንት ዓመት ሲሞላኝ አባዬ እትዬ ፈለቀችን አገባ። እትዬ በያት ያለኝ እሱ ነው። እማዬ በያት እንዳይለኝ አፍሮ ይሁን ፈርቶ አላውቅም፤ አባዬ የመኪና ጎማ ብቻውን የሚፈታ ጉልበተኛ ሰው ሲሆን ቃላት ላይ ግን ወኔ አልነበረውም።

እትዬ ፈለቀች የቡታጅራ ልጅ ናት። ቀጭን ነች፣ ፈጣን ነች፣ እጇ ደግሞ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ከሰው ጋር ስታወራ ካልነካች የተሰማች አይመስላትም። የአባዬን ኮሌታ ታስተካክላለች፣ የጎረቤቷን ትከሻ መታ መታ ታደርጋለች፣ እኔን ደግሞ ስትጠራኝም ስትቆጣኝም ስታጫውተኝም በእጇ ነው። ሸሚዜን ጉርድ ቀሚሴ ውስጥ ትከታለች፣ ጆሮዬን ጎንተል ታደርጋለች፣ ስሮጥ ይዛ ወደ ራሷ ትስበኛለች። እኔ ይሄ ይሰለቸኝ ነበር። እንደ ሻንጣ ወዲያና ወዲህ ትለኛለች ብዬ ለጓደኛዬ ለሳባ አማርሬያለሁ።

ጥቅምት ላይ የግቢያችን ውሃ ጠፋና እንደ ሰፈሩ ሰው ሁሉ ከቦኖ መቅዳት ጀመርን። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ እትዬ ትልቁን ጀሪካን ይዛ፣ እኔን አምስት ሊትሯን አስይዛኝ ሄድን። እሷ ወረፋው መሀል ከሴቶቹ ጋር ስታወራ እኔ የሞላችውን ትንሿን ጀሪካን በግራ እጄ አነሳሁ። የደረቀ እንጨት በእግር ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ከክንዴ መውጣቱን ያወቅሁት ጀሪካኗ ወድቃ ውሃው እግሬን ካራሰው በኋላ ነው። ሕመሙ የመጣው ከዚያ ነው። እትዬ ወረፋዋን፣ ጀሪካኗን፣ ነጠላዋን ጥላ ስትሮጥ አየኋት።

እማማ ተዋቡ እዚያው ነበሩ። ፊት ለፊታችን የሚኖሩ፣ ግቢውን በዓይናቸው የሚያስተዳድሩ ሴትዮ ናቸው። ልጅቷን ውሃ ማሸከም ምን የሚሉት ነው ሲሉ እትዬም ሰምታለች፣ እኔም ሰምቻለሁ። ክፉ ሰው አልነበሩም። እሳቸው ራሳቸው በእንጀራ እናት እጅ ያደጉ ናቸው፤ ክንዳቸው ላይ በፍም የተቃጠለ ጠባሳ አለ፣ ለልጆች ያሳዩናል። እንጀራ እናት ማለት ለእሳቸው ያ ጠባሳ ነው።

ላፍቶ ወዳሉት ወጌሻ፣ ወደ አቶ ቦጋለ ወሰዱኝ። እማማ ተዋቡም አብረው መጡ። አቶ ቦጋለ ክንዴን ከትከሻዬ ዝቅ ብሎ በጣቶቻቸው ቀስ እያሉ ዳሰሱት። ቅቤ ቀቡት፣ አሹት፣ ሳቡት፤ ያኔ የጮህኩት ጩኸት ዛሬም ለራሴ ይሰማኛል። በሸንበቆ ስንጥርና በአቡጀዲ ጠቅልለው አሰሩልኝ። እጃቸውን እየታጠቡ በምን እንደተሰበረ ጠየቁ። እትዬ ነገረቻቸው። ቀና ብለው ለረጅም ጊዜ አዩዋት፤ ከዚያ፣

«በአምስት ሊትር ውሃ የልጅ ክንድ አይሰበርም» አሉ።

ሰውዬው እውነታቸውን ነው። ሃምሳ ዓመት ሙሉ አጥንት ሲያሹ እንዲህ ያለ ነገር አልገጠማቸውም። ነገር ግን ያቺ አንዲት አረፍተ ነገር ከእኛ ቀድማ ግቢ ገባች። እኔ በእትዬ ጀርባ ታዝዬ ስደርስ ሴቶቹ በር በራቸው ላይ ቆመው እጇን እያዩ ነበር።

ክንዴ ታስሮ የቆየሁባቸውን ሳምንታት ሳስብ አሁንም ደስ ይለኛል፤ ደስ ስለሚለኝም ያስጠላኛል። የተሰበረው ግራዬ ነው፤ ቀኜ ደህና ነው። እኔ ግን በቀኜም መብላት እንደማልችል ሆንኩ። እትዬ ታጎርሰኝ ነበር። ክንዴ ላይ እንዳልገላበጥ በግራ ጎኔ በኩል እየተኛች በሰውነቷ ታግደኛለች። አባዬ ከአሰብ ሲመጣ ወድቀሽ ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። አልወደቅሁም አልኩት። እትዬን አያት፣ ክንዴን አየ፣ ከዚያ ያመጣውን ቴምር አወጣ።

ትምህርት ቤት ስመለስ ሳባ ስለ ራጅ ነገረችኝ። አጎቷ ራጅ ተነስቶ ነበርና ስለዚህ ነገር የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። ጨለማ ክፍል ያስገቡሻል፣ ከዚያ ማሽኑ ውስጥሽ ያለውን በሙሉ ያወጣዋል አለችኝ። በሙሉ ማለት ምን ማለት ነው ብዬ ጠየቅኋት። ውሸትም ቢሆን ያወጣል ወይ? ሳባ ትንሽ አሰበችና ውስጥ ካለ ያወጣል አለች። ያን ጊዜ የምደብቀው ነገር ስላልነበረኝ ነገሩ አስቆኝ ነበር።

የአቶ ቦጋለ ስንጥር ኅዳር ማለቂያ ላይ ተፈታ። ክንዴ ትንሽ ከስቷል እንጂ ደህና ነበር።

ከገና በኋላ በነበረው ቅዳሜ እትዬ በራችን ላይ ፀሐይ እየሞቀች ፀጉሬን ትሠራኝ ነበር። እኔ በጉልበቶቿ መሀል መሬት ላይ ተቀምጫለሁ። አስፋልቱ አካባቢ ልጆች ሲሯሯጡ ሰማሁና ልሄድ ተነሳሁ፤ ግማሽ ጭንቅላቴ ገና አልተሠራም። ቁጭ በይ ብላ የግራ ክንዴን ይዛ ወደ ታች ሳበችኝ። እንደ ወትሮው ነው የሳበችኝ፤ ከዚያ በፊት መቶ ጊዜ እንደሳበችኝ። ያ ድምፅ ደግሞ ተሰማ።

ጩኸቴን የሰማ ሁሉ ወጣ። ሲወጡ ያዩት የእትዬን እጅ ነው፤ ገና አልለቀቀችኝም ነበር፤ ከድንጋጤ የተነሳ መልቀቅ ጠፍቷት። ፊቷ አመድ መስሏል። እማማ ተዋቡ ጎንበስ ብለው፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ ጎትታሽ ነው ወይ ብለው ጠየቁኝ።

«አዎ» አልኩ።

እውነት ነው፤ ጎትታኛለች። ከዚያች ቃል ውስጥ ውሸት ፈልጌ ባገኝ ይቀለኝ ነበር፤ የለባትም።

ተልኮባት በዚያው ቀን አክስቴ አስካለ ከጎተራ መጣች። የእናቴ ታላቅ እህት ናት። እናቴ ከሞተች ጀምሮ እኔን ባየች ቁጥር ሁለት ሰው እንደምታይ ትሆናለች፤ አንዷን ትስማለች፣ ለሌላዋ ታለቅሳለች። ያን ቀን ጭኗ ላይ አስቀምጣኝ የአበቡ ልጅ፣ የአበቡ ዓይን እያለች ፀጉሬን ዳበሰችኝ። አበቡ እናቴ ናት። ስሟን ጮክ ብሎ የሚጠራ ሰው ቤታችን ውስጥ አልነበረም። አክስቴ በጆሮዬ፣ የበፊቱስ፣ ቦኖ ላይ የተሰበረውስ እሷ ናት ወይ አለችኝ።

እኔ ዝም አልኩ።

አይደለችም ማለት ነበረብኝ። አፌ ላይ ነበር። ግን አክስቴ እያለቀሰች ነው፣ እንባዋ አንገቴ ላይ ይንጠባጠባል፣ ሞቃት ነው። አይደለችም ካልኩ ለቅሶው የሚቆም መሰለኝ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፤ ሰው ለእኔ ሲያለቅስ ደስ እንደሚል ያን ቀን ነው ያወቅሁት። ስለዚህ ዝም አልኩ፤ አክስቴም ዝምታዬን እንደ መልስ ወሰደችው። በዕድሜዬ ብዙ ነገር ተናግሬ ተጸጽቻለሁ፤ እንደዚያ ዝምታ ግን የሚቆጨኝ የለም።

እትዬ ፈለቀች በሩ ላይ ቆማ ነበር። የማልረሳው ነገር፣ በዚያ ሁሉ ሰው መሀል ስለ ክንዴ ያሰበችው እሷ ብቻ መሆኗ ነው። አንድ ቦታ ላይ ሁለቴ እንዴት ይሰበራል፣ አጥንቱ ውስጥ አንድ ነገር አለ፣ ሆስፒታል ሄዳ ራጅ ትነሳ አለች። እለምናችኋለሁ አለች። አክስቴ ቀና ሳትል፣

«ሰብረሽ ስታበቂ ሐኪም አማረሽ?» አለቻት።

ከዚህም በኋላ ሊወስዱኝ ይችሉ ነበር፤ ከሴቶቹ አንዷ ቢታይ ምን ይጎዳል ብላለች። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ራጅ ሲባል የሳባ ማሽን ትዝ አለኝ። ያ ማሽን የዋጥኳትን ነገር፣ ቦኖ ላይ እትዬ አልነካችኝም የምትለዋን፣ ሰው ሁሉ እያየ ያወጣብኛል። አልሄድም ብዬ ጮህኩ፣ ግድግዳው ላይ ተለጠፍኩ። ልጅቷን እንዴት ብታስፈራራት ነው አሉ። አቶ ቦጋለ እንደገና አሰሩኝ። በዚህኛው ጊዜ ምንም አልተናገሩም፤ ራሳቸውን ብቻ ነቀነቁ፤ እሱም በቂ ሆነ።

አባዬ እንደተመለሰ እሑድ ከሰዓት በኋላ ሽማግሌዎች ተቀመጡ። ከእድሩ ሁለት ሰዎች፣ አክስቴ፣ እማማ ተዋቡ፣ አባዬ፤ እትዬ ደግሞ ለብቻዋ በርጩማ ላይ። እጆቿን ጭኗ ላይ አጋድማቸዋለች፤ ሥራ ፈተው ያየኋቸው ያን ጊዜ ነው። ጠየቋት። ጎትቻታለሁ፣ አልሰበርኳትም አለች። ሌላ ምንም አልጨመረችም። ብታለቅስ ኖሮ ሳይሻላት አይቀርም ነበር፤ አላለቀሰችም፣ እሱንም በክፋት ቆጠሩባት።

አባዬ ወደ እኔ ዞረ። መሲ፣ ያየሽውን ንገሪኝ፣ አትፍሪ አለኝ። ድምፁ ተለማማጭ ነበር። አሁን ሳስበው አይደለችም እንድለው ፈልጎ እንደነበር ይገባኛል፤ ያኔ ግን መሬቱን ነው ያየሁት። ሁሉም አብረውኝ መሬቱን አዩ።

ነገሩ እስኪበርድ እትዬ ወደ ዘመዶቿ ትሂድ፣ ልጅቷም አክስቷ ዘንድ ትቆይ ተባለ። እትዬ ሀና ማርያም ሰፈር የምትኖር እህት ነበረቻት። ልብሷን በአንድ አንሶላ ቋጠረች። ስትወጣ እንደ ልማዷ የሹራቤን ቁልፍ ልትቆልፍልኝ እጇን ዘረጋች። አክስቴ መሀል ገባች። ሳትገፋት፣ ሳትናገራት፣ ዝም ብላ መሀላችን ቆመች። እትዬ እጇን መለሰችና ወጣች።

አክስቴ ቤት ምንም አልጎደለብኝም። ጎተራ ያለው ቤቷ ሰፊ ነው፣ ልጆቿ አድገው ወጥተዋል፣ እኔ ብቻ ነበርኩ። ትመግበኛለች፣ ታለብሰኛለች፣ የእናቴን የልጅነት ታሪክ ትነግረኛለች። የእትዬ ስም አይነሳም። አንድ ቀን መቼ ነው የምትመለሰው ብዬ ጠየቅኋት፤ ደግ ልብ ስላለሽ ነው አለችኝ። ደግ ልብ የለኝም ማለት አቃተኝ። የሸንበቆው ስንጥር ጾሙ አጋማሽ ላይ ተፈታ፤ አባዬም ወደ አሰብ ወረደ።

የሆሳዕና ዋዜማ፣ ቅዳሜ ምሳ ሰዓት ላይ፣ አክስቴ ገላዬን ልታጥበኝ ጓዳ ውስጥ ሳፋ አስቀመጠች። ማንም ቤት ውስጥ አልነበረም። አጥባኝ ስትጨርስ እንዳልንሸራተት ብላ በሁለት እጆቿ ከብብቴ ሥር ይዛ አነሳችኝ። አየር ላይ እያለሁ ያንን ድምፅ ሰማሁት።

እሷም ሰማችው። መልሳ ሳፋው ውስጥ አስቀመጠችኝ፤ እንዴት አድርጋ ቀስ ብላ እንዳስቀመጠችኝ። ከዚያ እርጥቡ ወለል ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች። ሁለቱ እጆቿ ሳሙና እንደተቀቡ ወደ ላይ ተዘርግተዋል፤ የት እንደምታደርጋቸው የጠፋት ትመስላለች። እኔ ምንም አላደረግኩም አለች። የምትናገረው ለማን እንደሆነ አላውቅም፤ እዚያ ከእኔ በቀር ሰው የለም። እኔ ምንም አላደረግኩም፣ አነሳኋት እንጂ፣ አለች ደግማ።

ሕመሙ ትንፋሼን ወስዶታል። ቢሆንም ያን ጊዜ ተናገርኩ።

«እትዬም እንደዚህ ነው የያዘችኝ» አልኳት። «ቦኖ ላይ ደግሞ አልነካችኝም።»

አክስቴ ሰማችኝ። ፊቷን በእርጥብ እጆቿ ሸፈነች።

በዚያው ቀን መሀል ከተማ ወዳለ ትልቅ ሆስፒታል ወሰደችኝ። ወጌሻ የሚል ቃል ካፏ አልወጣም። ራጅ ክፍሉ ሳባ እንዳለችው ጨለምለም ያለ ነው። ሠራተኛው አትተንፍሺ አለኝ። ሁሉም ነገር ይታያል ወይ ብዬ ጠየቅሁት። አጥንት ብቻ አለኝ። ስንት ወር የፈራሁት ነገር ለካ አጥንት ብቻ ነበር የሚያየው።

ሐኪሙ ወጣት ነው፤ የአዳር ተረኛ ስለነበር ይሆናል ዓይኑ ቀልቷል። ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ ለአክስቴ አሳያት። ነጩ አጥንት ከክርኔ ወደ ላይ ይመጣና ትከሻዬ አጠገብ ሲደርስ ያብጣል፤ ውስጡ ጥቁር ነው። አክስቴ ጥቁሩን ስታይ ነቀርሳ ነው ብላ ወገቧን ይዛ ልትጮህ ስትል አስቆማት። ካንሰር አይደለም አላት፤ ሦስት ጊዜ ነገራት። አጥንቱ ውስጥ ውሃ የቋጠረ ባዶ ቦታ ነው፤ ብዙ ጊዜ የማይገጥም፣ ግን ሕፃናት ላይ የሚታይ። ቀስ እያለ አጥንቱን ከውስጥ አሳስቶ የእንቁላል ቅርፊት አድርጎታል። የተሰበረ ሰሞን ትንሽ ይደፍናል፣ ከዚያ እዚያው ላይ ደግሞ ይሰበራል። የመጣው በማንም ጥፋት አይደለም አላት።

አክስቴ ጥያቄዋን ለመጠየቅ ጊዜ ወሰደባት። ሰው ቢመታት ይመጣል ወይ አለች። አይመጣም አላት። ቢጎትታትስ?

«ጤነኛ ክንድ ቢጎተት እንዲህ አይሰበርም» አላት። «ይሄ ተኝታ ስትገላበጥም ይሰበር ነበር።»

አክስቴ ከዚያ በኋላ አንድም ነገር አልጠየቀችም። እኔ ግን ሐኪሙ ውሃ ሲል የትኛው ውሃ እንደሆነ ገብቶኛል። ቦኖ ላይ የደፋሁት ነው፤ በስብራቱ በኩል ገብቶ እዚያ ተጠራቅሟል። ለሐኪሙ ብነግረው ይጠቅመው ነበር ብዬ ስጨነቅ ሰነበትኩ።

ጀሶው የተጠቀለለልኝ ያን ቀን ነው። እርጥብ ፋሻ በእርጥብ ፋሻ ላይ፤ መጀመሪያ ቀዝቅዞኝ ቀጥሎ በራሱ ጊዜ ሲሞቅ ገረመኝ። ሽታውን አፍንጫዬ ውስጥ ይዤ ወጣሁ። አክስቴ ግን ወደ ጎተራ አልመለሰችኝም። በቀጥታ ነፋስ ስልክ፣ ግቢያችን ገባን። ሴቶቹን በሙሉ ጠራቻቸው፤ ከፖስታው ውስጥ ፊልሙን አወጣችና ወደ ፀሐይ አነሳችው። ተሰብስበው አንጋጠው አዩት። ሐኪሙ ያላትን ቃል በቃል ነገረቻቸው፤ እኔው ራሴ ሰበርኳት፣ ከሳፋ ሳነሳት፣ አለች። እማማ ተዋቡ ፊልሙን ተቀብለው በሁለት እጃቸው ይዘው ቆዩ። ከዚያ መለሱላትና ቤታቸው ገብተው በሩን ዘጉ።

አባዬ የፋሲካ ማግስት ደረሰ። ነገሩን የነገረችው አክስቴ ናት፤ ቁጭ ሳይል ሰማት። የመንገድ ልብሱን ሳይቀይር ወደ ሀና ማርያም ሄደ። ብቻውን ተመለሰ። ትመጣለች አለኝ። ዓይኔን ሳያይ ስለተናገረው አላመንኩትም።

ቀዶ ሕክምናው ግንቦት አጋማሽ ላይ ሆነ። ስብራቱ እስኪይዝ ጠብቀው ነው። ባዶውን ቦታ ከፍተን እናጸዳዋለን፣ ከዚያ ከዳሌሽ አጥንት ትንሽ ቆርሰን እንሞላዋለን አለኝ ሐኪሙ። ዳሌዬ አይጎድልበትም ወይ አልኩት። ይሰጥሻል፣ ተመልሶ ይበቅልበታል አለኝ። ስነቃ ሁለት ቦታ አመመኝ፤ ዳሌዬ ከክንዴ ይበልጥ። አፌ ደርቋል። ያወጡት ውሃ የቦኖ ውሃ ይመስል ነበር ወይ ብዬ ስጠይቅ ሐኪሙ ስቆ የገለባ ቀለም ነው ያለው አለኝ። ንጹሕ ስላልነበረ የቦኖው እንዳልሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ሆስፒታል ዘጠኝ ቀን ተኛሁ። በአራተኛው ቀን፣ አጠገቤ የተኛችው እግሯ የተሰበረ ሴትዮ፣ ጠዋት ተኝተሽ ሳለሽ አንዲት ቀጭን ሴት መጥታ ነበር አለችኝ። አልጋሽ ግርጌ ቆማ ቆየች፤ ብርቱካን አስቀምጣ ሄደች። ለምን አልቀሰቀሰችኝም አልኩ። ሴትዮዋ እኔም ቀስቅሻት ብያት ነበር አለች፤ ነካ ለማድረግ እጇን ዘርግታ መልሳ ሰበሰበችው።

ያን ዕለት ብርቱካኑን አልበላሁም፤ ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ አለቀስኩ። አክስቴ አመማት ብላ ነርስ ጠራች።

ሰኔ ማብቂያ ላይ፣ ጀሶው ከተፈታልኝ በኋላ፣ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ሁላችንም ሀና ማርያም ሄድን። አባዬ፣ አክስቴ፣ እነዚያው ሁለት ሽማግሌዎችና እኔ። እማማ ተዋቡ አሞኛል ብለው ቀሩ። የእትዬ እህት ቤት ሁለት ክፍል ናት፤ ክረምቱ ገብቶ ስለነበር ደጁ ጭቃ ሆኗል። እትዬ ከስታለች። ሁሉንም ጨብጣ አስገባች፤ እኔን ግን አንገቷን ዝቅ አድርጋ ብቻ ሰላም አለችኝና አለፈች።

ሽማግሌዎቹ ቃል ሳያሳምሩ ተሳስተናል አሉ። አክስቴ ተነስታ እግሯ ላይ ልትወድቅ ስትል እትዬ ክንዷን ይዛ አነሳቻት፤ ይቅር ብያለሁ፣ እናቷ ብትኖር እሷም እንዳንቺ ታደርግ ነበር አለቻት። አክስቴ ተንሰቀሰቀች። አባዬ እፎይ ብሎ ጀርባውን ወንበሩ ላይ ጣል አደረገ። ያለቀ መሰለን። አባዬ በይ እንግዲህ ልብስሽን ሰብስቢ አላት።

«አልመለስም» አለች እትዬ።

ቁጣ የለበትም። ሽማግሌዎቹ እንዴት ሆኖ አሉ፣ ይቅር ካልሽ አሉ። እትዬ እጆቿን አየቻቸው።

«በዚያን ሰሞን ሰው ሁሉ እጄን ነበር የሚያየው» አለች። «አሁን እኔም አየዋለሁ። ልጅቷ ስትስቅ እጄ ይነሳል፤ ወዲያው ያ ድምፅ ይሰማኛል። ልጅ ሳልነካ እንዴት አሳድጋለሁ?»

አባዬ ክንዷ ድኗል፣ ሐኪሙ አሁን ከቀኟ እኩል ጠንካራ ነው ብሏል አላት። ደስ ብሎኛል አለችው። አውቃለሁ፣ ሆስፒታል ስመጣ ሐኪሙንም ጠይቄዋለሁ፣ ክንዷን አይደለም የምፈራው አለች። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጊዜ እንስጠው አለ። አልተከራከረችም። እሺ ብላ የቀረበውን እንድንበላ ለመነችን።

ልትሸኘን አስፋልቱ ድረስ መጣች። አባዬና ሽማግሌዎቹ ፊት ፊት ሄዱ፣ አክስቴ አንገቷን ደፍታ ተከተለቻቸው፤ እኔ ሆን ብዬ ወደ ኋላ ቀረሁ። ታክሲ የሚያዘው ማዶ ነው። ድሮ ቢሆን መንገድ ስንሻገር እጄን አንቃ ነበር የምታሻግረኝ። አንድ ከባድ መኪና እየመጣ ስለነበር ቆምን። ከኋላዬ የቀሚሴን ቀበቶ በሁለት ጣቶቿ ስትይዝ ተሰማኝ። ቀበቶውን ብቻ።

ሁለተኛ እንዲህ ብቻችንን እንደማንሆን ገብቶኝ ነበር።

«እትዬ፣ አዎ ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት። «የቦኖውን ሲጠይቁኝም ዝም አልኩ።»

መኪናው እስኪያልፍ ጠበቀች።

«አውቃለሁ» አለችኝ። «ጎትቼሽም ነበር።»

ተሻገርን። አባዬ የታክሲውን በር ይዞ ይጠብቀኛል። እትዬ ቀበቶዬን ለቀቀችው፤ እኔም ገባሁ።